በወረቀት ባዶ የነበረው መጋዘን

የስፒኖዋሳ መንደር ሰው የኅብረት እርሻው በፈረሰ ጊዜ ያልነቀለው ነገር አልነበረም። የላሞቹን በረት ጡብ በጡብ ተሸክሞ ሄደ። የወተት ቤቱን መስኮት፣ የጽሕፈት ቤቱን በር፣ የወፍጮውን ቀበቶ ሳይቀር ወሰደ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ደወል እንኳ ከሳምንት በኋላ አንድ ግቢ ውስጥ የአሳማ መጥሪያ ሆኖ ተገኘ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ዕድሜ ልኩን ለእርሻው የለፋ ሰው ድካሙን በጡብ ቢቀበል ምን ይባላል? ከዚያ ሁሉ ቤት ሳይነካ የቀረው ከወይኑ ማሳ በላይ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ የተቀመጠው ረጅሙ የተባይ መርዝ መጋዘን ብቻ ነው። እሱንም ያስቀረችው ዚኖቪያ ቡርዱዣ ናት።

ዚኖቪያ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበረች። እርሻው ፈርሶ ደመወዟ ከተቋረጠ በኋላም በየማለዳው ዳገቱን ወጥታ ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ ታያለች፣ ቁልፉን ትነካካለች፣ ከዚያ ወደ ወይኗ ትወርዳለች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትቆጣ ድምፅዋ ማዶ ኮረብታ ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። ባሏ ፓንቴሊሞን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

አንድ የመጋቢት ጠዋት ጎረቤቷ ኤፍቲሚዬ መሰላሉን መጋዘኑ ላይ አስደግፎ ሲወጣ ደረሰችበት። ኤፍቲሚዬ ፍየል አርቢ ነው፤ ቀብር ላይ እንኳ ሰው የሚያስቅ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«ውረድ!» አለችው።

«እትዬ ዚኖቪያ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እንዴት እንዳደርኩ ወርደህ ትጠይቀኛለህ።»

«አራት ክዳን ብቻ እኮ ነው። የፍየሎቼ ቤት ያፈሳል። አንቺ ደግሞ ክርስቲያን ነሽ።»

«ክርስትናዬን ለእሑድ አስቀምጬዋለሁ። ስማ፣ ክዳኑ ከተነሳ ዝናብ ይገባል። ዝናብ ከገባ መርዙ ይወጣል። መርዙ ከወጣ ወዴት ይሄዳል? ቁልቁል። ቁልቁል ማነው ያለው?»

ኤፍቲሚዬ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ዞር ብሎ ታች አየ። ከታች የእሱ ቤት፣ የእሱ ጉድጓድ፣ የእሱ ፍየሎች ነበሩ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ራስህን ለመግደል ነው መሰላል የተሸከምከው። ቤትህ ሆነህ ብትሞት ምን አለበት? ዳገቱን ምን አስወጣህ?»

እየሳቀ ወረደ። «ደመወዝ የሌለሽ ዘበኛ!» አላት መሰላሉን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። «የሰይጣንን ቤት ስትጠብቂ ልታረጂ ነው።»

«ሰይጣን ቢሆንማ ቄስ ጠርቼ እገላገለው ነበር።»

ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ብዙ ሰው መጥቷል። ድንቹን ጥንዚዛ የጨረሰበት አንድ ኩባያ ዱቄት ይለምናል። ዶሮዎቿን ቅማል የፈጀባት ሴት እንቁላል ይዛ ትመጣለች። ዚኖቪያ እንቁላሉንም ሴትዮዋንም ትመልሳለች። ቂመኛ፣ ንፉግ፣ ያበደች አሏት። ይህን ሁሉ ስትሰማ አትመልስም፤ ምክንያቱም ድሮ፣ እርሻው ቆሞ በነበረበት ዘመን፣ ዱቄቱን በኩባያ እየሰፈረች ለጎረቤት ትሰጥ የነበረችው ራሷ ነበረች። ያን ጊዜ ያልጠየቃት የለም፤ እምቢ ያለችውም የለም።

መጋዘኑን የተረከበችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ስድስት ወር ኮርስ ወስዳ ስትመለስ መንደሩ ውስጥ ከሐኪሙ ቀጥሎ ረጅም ቃል የምታውቅ ሰው እሷ ሆነች። መዝገቡ የእፅዋት መድኃኒት ይለዋል፤ ሰው ግን መርዝ ብሎ ነው የሚጠራው። በየጸደዩ የጭነት መኪናዎች እየመጡ ያራግፉ ነበር። ማሳው ከሚፈልገው ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይመጣል፤ ዕቅድ ዕቅድ ነውና ማንም መልሱ አይልም። የተረፈው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በላዩ ላይ ይጨመራል። ዲዲቲው ከተከለከለ በኋላም እዚያው ቀረ፤ ይወገድ የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ወዴት ይወገድ የሚል ደብዳቤ ግን አልመጣም። ፓንቴሊሞን የመርጫውን ትራክተር ይነዳ ነበር። ማታ ሲመለስ ሸሚዙን በእጇ ታጥብለታለች፤ የገበቴው ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባ ነው ብሎ ጻፈ፤ መንደሩ ሲጋራ ነው አለ፤ እሷ ግን ይሄ ነው ያ ነው አላለችም።

ከዚያ እርሻው ፈረሰ። የማፍረሻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ የመጣው ሃራላምቢዬ ኮስኮዳን ነው። የስፒኖዋሳ ልጅ ነው፤ ተምሮ፣ ከረባት አስሮ፣ በአለቃነት የተመለሰ። አንድ ቀን ዚኖቪያን ጽሕፈት ቤት አስጠራትና አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እትዬ ዚኖቪያ።»

«ምን ይላል?»

«መጋዘኑ ተራግፎ ባዶውን ተረክበናል ይላል።»

«ባዶ ነው እንዴ?»

«በወረቀት ባዶ ነው። እርሻው ንብረት ይዞ አይፈርስም። ካልፈረሰ መሬት አይከፋፈልም። መሬት ካልተከፋፈለ ደግሞ ያንቺም ድርሻ የለም።» ይህን ሲል የእሷን የመሬት ባለቤትነት ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እጁንም በላዩ ላይ አሳረፈ።

አንድ ሄክታር ተኩል ወይን ነው። ፓንቴሊሞን የተከለው ረድፍም በውስጡ አለ። ዚኖቪያ ብዕሩን አንስታ ፈረመች። በኋላ ያን ቀን ባስታወሰች ቁጥር የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነበር፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ያንን የመሰለ ውሸት ስትፈርም ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው የሚያምር ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መጋዘኑን መጠበቅ የጀመረችው። ማንም አላዘዛትም።

አሥር ዓመት አለፈ። ጣሪያውን ከሰው ጠበቀችው፤ ከዝናብ መጠበቅ ግን አልቻለችም። አግዳሚው እንጨት በሰበሰ። አንድ ጸደይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበና የምሥራቁ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ሥር ቢጫ ውሃ ወጥቶ በሣሩ መካከል እንደ ምላስ ወደ ታች ተዘረጋ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች፤ ኤፍቲሚዬ ፍየሎቹን ፈታ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ዘጠኙም አረፋ ደፍቀው ወደቁ።

ዚኖቪያ ወሬውን ሰምታ ስትወርድ ኤፍቲሚዬ በግቢው መካከል ቆሞ ነበር። እንዲህ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም። ሊሰድባት፣ ምናልባትም ሊመታት ነው ብላ ጠበቀች።

«ያኔ እነዚያን ክዳኖች ወስጄ ቢሆን ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ከአሥር ዓመት በፊት ነበር የሚሞቱት።»

«ኤፍቲሚዬ...»

«ምንም አትበዪኝ። ምን እንደምናደርግ ንገሪኝ።»

ምን እንደሚደረግ በሁለተኛው ሳምንት ሬዲዮ ተናገረ። መንግሥት ከአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ በጀት መድቦ፣ በየእርሻው ተጥሎ የቀረውን አሮጌ መርዝ አሽጎ፣ ድንበር አሻግሮ በትልቅ ምድጃ ሊያስቃጥለው ነው። ዚኖቪያ የበቆሎ ገንፎዋን እያማሰለች ነበር። የየወረዳው መንደሮች ስም ሲነበብ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። የወረዳቸው ተራ ደረሰ፤ ሦስት መንደሮች ተጠሩ። ስፒኖዋሳ የለችም። ገንፎው አረረ።

በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ወረዳው ከተማ ሄደች። ያ የማፍረሻ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሃራላምቢዬ አሁን የወረዳው ምክር ቤት ሊቀመንበር ሆኗል። ጠጉሩ ሸሽቷል፤ ጠረጴዛው ሰፍቷል።

«እትዬ ዚኖቪያ! ምን እግር ጣለሽ?»

«የአውቶቡስ እግር። ሃራላምቢዬ፣ ስፒኖዋሳ ለምን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም?»

«የምን ዝርዝር?»

«ሬዲዮ እንደሌላት ሴት አታናግረኝ።»

ሃራላምቢዬ በረጅሙ ተነፈሰና ከቁም ሳጥኑ አንድ ፋይል አወጣ። «ዝርዝሩ የሚሠራው በሰነድ ነው። በሰነድ ደግሞ የስፒኖዋሳ መጋዘን ከአሥር ዓመት በፊት ባዶ ሆኗል። ይኸው ፊርማሽ። አቤት ጽሕፈትሽ ሲያምር!»

«ገብተህ አይተኸዋል?»

«እኔ ምን ልይ ብዬ? ሰነዱ ይበቃኛል።»

«ሰነዱን ለኤፍቲሚዬ ፍየሎች አሳያቸዋ! ሳያነቡ ሞቱ እንጂ።»

ሃራላምቢዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ ነገር አናካብድ። የበጀቱ ሰዎች ከገቡ ያለፈውን ሁሉ ይጎረጉራሉ። እኔ ዶዘር እልክልሻለሁ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሁሉም ይገባበታል፣ ሁለት ሜትር አፈር ይለብሳል። በዓመቱ ሣር ይበቅልበታል። አፈር የማይሸፍነው ነገር የለም።»

«አፈርማ ሰውንም ይሸፍናል። ከኮረብታው ሥር ያለነውን ሁሉ ልትሸፍነን ነው?»

«እንግዲህ ፊርማው ያንቺ ነው። ውሸት ነው ካልሽ ተከሳሿ አንቺ ነሽ። በዚህ ዕድሜሽ እስር ቤት አማረሽ?»

«እስር ቤት እንጨት መፍለጥ አለ?»

«የለም።»

«ዳገት መውጣትስ?»

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?»

«እንግዲያውስ ዕረፍት ነው። ላክልኝ።» ብላ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ግን ጀግንነቷ ከዳት። እስር ቤቱን አልፈራችም፤ ወይኑን ፈራች። መሬቱን ያገኘችው በዚያ ፊርማ ነው። ፊርማው ውሸት ነው ብላ ብትናገር፣ ነገ ሃራላምቢዬ መሬቱም በውሸት የተገኘ ነው ቢል ማን ይከለክለዋል? የፓንቴሊሞንን ረድፍ ማን ይገርዘዋል? መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተከራከረች። መንደሩ መግቢያ ላይ ስትወርድ የኤፍቲሚዬ ሚስት ከባዶው የፍየል ቤት ደጃፍ ቆማ ለፍየሎቹ መቀበሪያ መጥቶ የፈሰሰውን ኖራ ስትጠርግ አየች። ሴትዮዋ ቀና ብላ አላየቻትም። ዚኖቪያ እዚያው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነገሩን ቆረጠች።

ከአሥር ቀን በኋላ የበጀቱ ተወካይ ከዋና ከተማው ከኪሺናው መጥታ በወረዳው የባህል አዳራሽ ለሕዝብ ገለጻ እንደምታደርግ ተለጠፈ። ኤፍቲሚዬ አሮጌዋን ላዳ አስነሳ። ተወካይዋ ሩክሳንዳ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዛት፣ በየአፍታው አፍንጫዋን የምትጠርግ ወጣት ኬሚስት። ሃራላምቢዬ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። ገለጻው ሲያበቃ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ተባለ። ዚኖቪያ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሳች።

«ስሜ ዚኖቪያ ቡርዱዣ ይባላል። የስፒኖዋሳ መርዝ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። መጋዘኑ ባዶ ነው የሚለው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ወረቀቱ ውሸት ነው። መጋዘኑ ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑን እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።»

ሃራላምቢዬ ፈገግ ብሎ ወደ ሩክሳንዳ ጎንበስ አለ፤ ድምፁን ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ነው የተናገረው። «ምስኪን፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል።»

«ሃራላምቢዬ!» አለችው። «ንፍጥህን በቀሚሴ የጠረግኩልህ ሴት ነኝ። ካረጀሁ አብረን ነው ያረጀነው፤ እኔ ግን የፈረምኩትን አልረሳሁም።»

ሳቅ ተነሳ። ሃራላምቢዬ ፊቱ ቀላ። «ሴትዮዋ አሁን በሕዝብ ፊት ወንጀል ተናዘዘች። ዐቃቤ ሕግ ያለበት አገር ነው።»

«ይጥራኝ! ሲጠራኝ ግን ወረቀቱን ማን እንዳስፈረመኝም ይጠይቀኛል። የመሬቴ ወረቀት ላይ የማን እጅ ተጭኖ እንደነበርም እነግረዋለሁ። እኔ ዝምታ የሚሉትን ትምህርት አሥር ዓመት ተምሬ ወድቄበታለሁ።»

«ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው» አለ ሃራላምቢዬ። «ምስክር አለሽ?»

ከኋላ ኤፍቲሚዬ ብድግ አለ። «እኔ ዘጠኝ ምስክሮች ነበሩኝ ጌታው! ቀንድ ያላቸው ምስክሮች። ቀበርኳቸው።»

አዳራሹ በሁካታ ተናወጠ። ሩክሳንዳ መሐረቧን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ነገ ጠዋት ስፒኖዋሳ እመጣለሁ» አለች።

በቃሏ መጣች። ዚኖቪያ በሩን ከፈተችላት፤ ሽታው እንደ ሰው ገፍቶ ወጣ። ሩክሳንዳ ነጩን ልብስ ለብሳ፣ ጭምብሏን አጥልቃ ገባችና ጥቂት ቆይታ ወጣች። ጭምብሉን ስታወልቅ ፊቷ ላይ ተስፋ አልነበረም።

«እማማ፣ መርዙ አለ። ግን ከረጢቶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይጥና እርጥበት በልቶታል። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ለበጀቱ አይመዘገብም። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ይሂድ ቢባል ወር ይፈጃል፤ ዝርዝሩ ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

«ወረቀት አለሽ?» አለች ዚኖቪያ።

«አለኝ።»

«ተመለሽና ግቢ። መብራትሽን ይዘሽ በየመደርደሪያው ቁሚ፤ የት እንደቆምሽ ብቻ ጮኸሽ ንገሪኝ። የምነግርሽን ጻፊ።»

ዚኖቪያ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ከውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«በግራ በኩል፣ አንደኛው መደርደሪያ፣ ከታች!»

«ዲዲቲ። አርባ ከረጢት። ላዩ ላይ ያሉት ስድስቱ ግን ሌላ ናቸው፤ እነሱ የፖም ትል ማጥፊያ ናቸው!»

«ጥጉ ላይ ያሉት በርሜሎች!»

«የአረም ማጥፊያ። ከፖላንድ የመጣ። ሁለቱ ያፈስሱ ነበር፤ ዞረሽ እለፊ!»

«ይሄ ሮዝ ዱቄትስ?»

ዚኖቪያ ከድንጋዩ ብድግ አለች። «እንዳትነኪው! ዘር የሚለወስበት ነው፤ ሜርኩሪ አለበት። አሥራ ስምንት ጆንያ ነው። አንዱን አይጥ ቀዶት እኔ ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱን ፈልጊ።»

ከውስጥ የሩክሳንዳ እርምጃ ከጆንያ ጆንያ ሲሄድ ተሰማ።

«በጥቁር ክር?»

«በጥቁር ክር።»

ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው፤ ሩክሳንዳ አየር ልትቀበል እየወጣች፣ ዚኖቪያ ዓይኗን ሳትገልጥ። ሃያ ሰባት ዓይነት መርዝ ተመዘገበ። ሩክሳንዳ ለማረጋገጫ አምስት ናሙና ወስዳ በዚያው ቀን ወደ ኪሺናው በረረች። ዓርብ ቀትር ላይ ደወለች፤ አራቱ ዚኖቪያ እንዳለችው ሆኑ፣ አምስተኛው ግን ሌላ ነው።

«ላቦራቶሪው ይድገመው» አለች ዚኖቪያ።

«ሁለት ጊዜ ደገሙት እማማ።»

«እንግዲያው ባሌን የቀበርኩ ለት አንድ ሰው ከረጢቱን ለውጦታል» አለች፤ እስከ ዛሬም የምታምነው እንዲያ ነው። ስፒኖዋሳ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ገባች።

ዝርዝር ውስጥ መግባትና ገንዘቡ መምጣት ለየቅል ነው። በጋውን ሙሉ ጠበቁ። በሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ማለዳ፣ ዳገቱ ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ዚኖቪያ ስትደርስ አንድ ቢጫ ዶዘር ከመጋዘኑ በታች ቆሞ አፈር መጫር ጀምሯል። ሾፌሩ ከጎረቤት መንደር የመጣ፣ ባለ ሰፊ ትከሻ ጎልማሳ ነው። የመንደሩ ሰውም ድምፁን ሰምቶ ይወጣ ጀመር፤ አንዳንዱ አካፋ፣ አንዳንዱ ዱላ ይዟል። ኤፍቲሚዬ ድንጋይ አንስቷል።

«ጣለው» አለችው ዚኖቪያ። ወደ ዶዘሩ ተጠግታ እጇን አወዛወዘች። ሾፌሩ ሞተሩን ቀነስ አደረገ።

«እናት፣ ታዝዤ ነው» አለ ገና ሳትናገረው።

«አውቃለሁ ወንድሜ። ማን እንዳዘዘህም አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ጭምብል ሰጥተውሃል?»

«የምን ጭምብል?»

«ጓንትስ?»

ሰውየው እጁን አየ። ዚኖቪያ ከጉርዷ ኪስ ሩክሳንዳ የሰጠቻትን የዝርዝሩን ግልባጭ አወጣችና ማንበብ ጀመረች። አልጮኸችም፤ እንደ ሐኪም ቀስ እያለች ነበር የምታነበው። ይሄኛው ጉበት ላይ ነው የሚቀመጠው። ይሄኛው በቆዳ ይገባል። ይሄኛው ልጅ የምታጠባ ሚስት ካለችህ በሸሚዝህ ላይ ቤትህ ይደርሳል። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይወርድ ስልኩን አወጣ። የተናገረውን ኮረብታው ላይ የነበረ ሁሉ ሰማው። «ጌታዬ፣ ሊቀመንበር፣ እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ቁልፉን ጽሕፈት ቤት አስቀምጥልሃለሁ፤ መጥተህ ራስህ ንዳው።»

ዶዘሩ ዞሮ ዳገቱን ሲወርድ ሰዉ አጨበጨበ። ዚኖቪያ አላጨበጨበችም። ሾፌሩን ሮጣ ደረሰችበትና ጎማ ጫማውን እደጅ እንዲያወልቅ፣ ቤት ይዞት እንዳይገባ ነገረችው።

በጥቅምት፣ ወይኑ ተለቅሞ ካበቃ በኋላ፣ ነጭ የለበሱ አሥራ ሁለት ሠራተኞች መጡ። ሦስት ሳምንት ሠሩ። ከረጢቱን ሁሉ ከነአቧራው እያነሱ ክዳኑ በሚቆለፍ አዲስ በርሜል ውስጥ አሸጉት። ዚኖቪያ ከአጥሩ ውጭ ሆና አንድ በአንድ ታየዋለች፤ አንዳንዴም ተቆጥታ ትጮኻለች፤ «ያንን በርሜል አታጋድሙት!» አለቃቸው መጀመሪያ ተበሳጨ፣ ከሳምንት በኋላ ግን እየመጣ ያማክራት ጀመር። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሠላሳ አራት ቶን ሆነ።

የመጨረሻዎቹ መኪናዎች በሚጫኑበት ቀን ሃራላምቢዬ የወረዳውን ጋዜጣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። ከረባቱ አዲስ ነው። ወደ በሩ ሲያመራ ዚኖቪያ መንገዱ መካከል ቆመች።

«ያለ ጭምብል መግባት ክልክል ነው።»

«እትዬ ዚኖቪያ፣ ለሁለት ደቂቃ ፎቶ ብቻ ነው።»

«ጭምብሉን አድርግና ተነሳ። ይኸው፣ ትርፍ አለ።»

«ጭምብል አድርጌ ማን ያውቀኛል?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለችው። ሠራተኞቹ እንኳ ሥራቸውን አቁመው ሳቁ። ሃራላምቢዬ ፎቶውን መኪናው አጠገብ ቆሞ ተነሳ፤ ጋዜጣው ላይም ወጣ። ምንም አልሆነም። በቀጣዩ ምርጫ እንደገና ተመረጠ። ዐቃቤ ሕጉ ለዚኖቪያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈላት፤ የፊርማው ጉዳይ በይርጋ ታግዷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል። መሬቷንም የነካ አልነበረም። ደብዳቤውን ስታነብ እፎይ ከማለት ይልቅ ተናደደች። ለችሎት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ለማን ትናገረው? ለኤፍቲሚዬ ተናገረችው። እሱም እስከ መጨረሻው ሰምቶ ነጻ ለቀቃት።

መጋዘኑ ባዶ ሆነ፤ አሁን እውነተኛ ባዶ። መንደሩም በደስታ አንድ እሑድ በግ አርዶ በላ፤ ያበደች ሲሏት የነበሩት ሴቶች ራሳቸው ፕላቺንታ የሚሉትን አይብ የተሞላ ቂጣ ጋግረው መጡላት። ነገር ግን በጀቱ የመጣው ለሚጫነው መርዝ ነው፤ ወለሉና ከሥሩ ያለው አፈር ውስጡ የሉበትም። ከተሰነጠቀው ግድግዳ እስከ ኤፍቲሚዬ አጥር ድረስ የተዘረጋው፣ አሁን ደርቆ ግራጫ የሆነው የመርዝ ምላስ እንዳለ ነው። ሣር አይበቅልበትም፤ ወፍ እንኳ አታርፍበትም።

«ይበቃል እንግዲህ» አሏት በየመንገዱ። «እግዜርን ማመስገን ነው። ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«የቀረው ቀረኝ» ትላለች። «ግማሽ መርዝም መርዝ ነው።»

ሩክሳንዳ በስልክ እውነቱን ነገረቻት። ለአፈር የሚሆን ገንዘብ ሊኖር ይችላል፤ ወረዳው ግን ከራሱ በጀት ድርሻውን ማዋጣት አለበት፣ ምክር ቤቱም በድምፅ መወሰን አለበት። ዚኖቪያ አመሰገነቻትና ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው መቼ እንደሆነ ጠየቀች። በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ነው።

በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል በሩ ላይ፤ ገብታ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሃራላምቢዬ ወረቀቱን እያገላበጠ ቀና ሲል ዓይኗ ዓይኑ ላይ አረፈ።

«ደግሞ ምን?» አለ ራሱን ሳይቆጣጠር፤ ማይክሮፎኑ በርቶ ነበር።

«ወለሉ» አለች ዚኖቪያ። «አፈሩም።»

«የዛሬው አጀንዳ የመንገድ መብራት ነው።»

«ይሁን። እሱን ጨርሱ።»

ከቦርሳዋ ዳቦና የበግ አይብ አወጣች፣ ከጎኗ ለተቀመጠው ለማታውቀው ሰው ቆርሳ ሰጠችና ስለ መንገዱ መብራት የሚባለውን ማዳመጥ ጀመረች።